በርበሬ በርበሬ የሚሸት ፕሌይስቴሽን

በዚያ ዘመን ከአገር የሚወጣ ልጅ ሻንጣ የልጁ አልነበረም። የእናቱ ነበር፣ የአክስቶቹ ነበር፣ ግቢ የሚጋሩት የጎረቤቶቹ ሁሉ ነበር። በድርብ ፌስታል የታሰረው በርበሬ፣ በጨርቅ ከረጢት የተሰፋው ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ሚጥሚጣው፣ ጥሬ ቡናው፣ አሜሪካ ላለ ዘመድ "አደራ፣ በእጁ አድርስልኝ" ተብሎ የሚመጣው ነጠላ፣ ሁሉም ተራውን እየጠበቀ አፉን በከፈተው ሻንጣ ዙሪያ ይከመራል። ልጁ ራሱ የሚይዘው ሁለት ሱሪና አንድ ጃኬት ነው፤ ጃኬቱም ቢሆን ኪሎ እንዳይበላ ለብሶት ይሂድ ይባላል። የተፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። እኔም በ1999 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ስነሳ፣ ሚሊኒየሙን አገሬ ገብቼ አከብራለሁ እያለ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ የመምጫ ቲኬት ሲያፈላልግ እኔ የመሄጃዬን ስቆርጥ፣ ያው ሰልፍ ይጠብቀኝ ነበር። ከሰልፉ ኋላ ግን እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ለማንም ያልተነፈስኩበት አንድ ዕቃ ነበረኝ። እሱም ፕሌይስቴሽን 2 ነው።

ፕሌይስቴሽኑ ራሱ ስደት የለመደ ነበር። አክስቴ ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች ከብዙ ዓመት በኋላ ለእረፍት ስትመጣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከሽቶና ከሻምፑ መሐል አድርጋ ያመጣችው ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ የሚያልፍ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ካወጣቸው ከመጀመሪያዎቹ ወፍራሞች ወገን። በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ያወቅሁት ዘግይቶ ነው፤ እኛ መደዳ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የእኛ ቤቱ። ሲሰካ ፊቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሲከፈት አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ያ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ይሰማና ጨለማ ውስጥ ማማዎች ይታያሉ። ማማዎቹ ለጌጥ የቆሙ አልነበሩም። ሜሞሪ ካርዱ ላይ በተመዘገበው ጨዋታ ልክ የሚበዙና የሚረዝሙ ነበሩ። የእኛዎቹ ረጃጅሞች ነበሩ፤ ክረምት ሙሉ የተጫወትንበት ሁሉ እዚያ ቆሞ ነበር።

ከእሱ በፊት ካሴት ነበር። የእኔ እድሜ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቢጫዋን ካሴት ከቲቪ ጌሙ ላይ ነቅሎ፣ አፏን ወደ ከንፈር አስጠግቶ "እፍ" ብሎ መልሶ መሰካት፣ ከዚያ ማሪዮ ወይም ታንክ ወይም ኮንትራ ብቅ ሲል ቤቱ በሙሉ የሚጮኸው ጩኸት። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ማሽን ተቀድቶ፣ ተባዝቶ፣ ስንት አገር ዞሮ እኛ ዘንድ እንደደረሰ የሚነግረን አልነበረም። ለእኛ ቲቪ ጌም መርካቶ የተወለደ ነበር፣ መርካቶም ቅርባችን ነበረች።

ቀጥሎ ጌም ቤት መጣ። ሰፈራችን አብነት፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንዲት ሴትዮ የቀበሌ ቤታቸውን የፊት ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው ከወዲያ ማዶ ቡና ይቆላሉ፣ ከወዲህ ልጃቸው ሁለት ቴሌቪዥን ደርድሮ ያጫውታል። ደጁ ላይ ጆተኒ ነበር፤ የእንጨቱ ኳስ ሲላጋ የሚያሰማው ቋ ቋ፣ ከውስጥ የተመልካቹ ሁካታ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ ሾልኮ የሚመጣ የቡና ጭስ፣ በእርጥብ ካልሲና በሞቀ ቴሌቪዥን አቧራ ላይ የሚደፋ ዕጣን፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሆነው አንድ ሽታና አንድ ድምፅ ሠርተው ነበር። እስካሁን ድረስ የትም አገር ዕጣን በሸተተኝ ቁጥር አውራ ጣቴ የሆነ ነገር ሊጫን ይቃጣዋል። አንድ ጨዋታ ሽልንግ ነበር። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል፤ ያሸነፈ ተቀምጦ ተረኛውን ይጠብቃል። ጥሩ የሚጫወት ልጅ ኪሱ ውስጥ አንዲት ሽልንግ ይዞ ገብቶ ማታ ያችኑ ሽልንግ ይዞ ይወጣል። በኳስ ጌሙ ኢንተርን መያዝ ክልክል ነበር፣ በአድሪያኖ ምክንያት፤ ያ ሰው ከመሐል ሜዳ ከመታት በረኛው የሚያደርገው ነገር የለውም።

የአክስቴ ፕሌይስቴሽን ሲመጣ ጌም ቤቱ ወደ እኛ ቤት ተዛወረ፣ ሽልንጉ ግን ቀረ። እናቴ አልተቆጣችም። ልጆቿ የት እንዳመሹ ማወቅ ትወድ ነበር። በር ላይ የተደረደረውን ጫማ በዓይኗ ትቆጥርና ስንት ጭብጥ ቆሎ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። ሁለት ጆይስቲክ፣ አሥር አሥራ ሁለት ልጅ፣ አንድ ትሪ ቆሎ። ተራውን የሚጠብቀው ልጅ ከተጫዋቹ ይበልጥ ይጫወት ነበር፤ ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ዳኛውን ይረግማል። አንድ ሰው ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ጌም ይጫወታል የሚባል ነገር ያኔ ቢነገረን የምናምን አይመስለኝም። ሌንሱ ሲደክምና ሲዲ ማንበብ ሲያቅተው ማሽኑን ገልብጠን በጀርባው እናስተኛዋለን፣ ያነባል። ያም ሲያቅተው መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ወዳሉት ጥገና ቤቶች ይሄዳል፤ ኮፒ ሲዲ እንዲያነብ ቺፕ የተገጠመለትም እዚያው ነው።

የሁላችንም ጠላት መብራት ነበረች። በጨዋታ መሐል ብትጠፋ ክርክር ነው፤ እየመራ የነበረው አሸንፌያለሁ ይላል፣ እየተመራ የነበረው ገና ነበር ይላል። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ሴቭ እየተደረገ ከጠፋች ግን ለቅሶ ነው፣ የስንት ወር ድካም በአንዴ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሴቭ በሚደረግበት ጊዜ ማንም አይንቀሳቀስም፣ ማንም አያወራም፣ እናቴ እንኳ ምጣድ እንዳትሰካ በር ላይ ቆመን እንለምናታለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰካች ቁጥር ቆጣሪው ይዘል ነበርና።

ካርዷ 8 ሜጋባይት ናት። ዛሬ ስልኬ ከሚያነሳቸው ፎቶዎች ሁለት ሦስቱን ብትይዝ ነው። እኛ ግን አንድ ሰፈር አስገብተንባታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 5 ላይ አርሴናል ከነስሙ ከነማልያው ሲኖር ማንቸስተር ዩናይትድ ፈቃድ ስላልነበረው "ማን ሬድ" ተብሎ ነበር የተቀመጠው። የማንቸስተር ደጋፊዎቻችን ይህን ሊሸከሙት አልቻሉም፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ስሙን፣ ቀለሙን፣ ሁሉን በየፊደሉ እየመረጡ ሲያርሙ አደሩ። ያን ጊዜ ነው አንዱ ጓደኛችን፣ ቴስታ ላይ የሚያህለው ያልነበረ ልጅ፣ "እኛስ?" ያለው። እውነቱን ነው፣ እኛስ? ስሙን ማንም የማይፈልገው አንድ ክለብ መረጥንና "አብነት" አልነው። ማልያው ላይ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች ሊጣሉ ደርሰው በመጨረሻ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ስም፣ ቁመት፣ የፀጉር ዓይነት፣ የጫማ ቀለም። ችሎታ የሚሞላው በኮሚቴ ነበር፣ ሰባት አባላት ያሉት፣ በእጅ ማውጣት የሚወስን። ለራሱ ነጥብ የሚጠይቅ ድምፅ አይሰጥም። ለማንም 99 እንዳይሰጥ ተማማልን። ለአብዶ፣ ለፍጥነት፣ ለሹት፣ ለበረኝነት፣ እያንዳንዷ ቁጥር ምስክር ተጠርቶባት፣ "በዚያ ቀን ጭቃው ላይ ማን ነበር ያለፈህ?" ተብሎ የተወሰነች ናት። ከዚያ የተሻለ ፍትሕ የሰፈነበት ሸንጎ ዕድሜዬን ሙሉ አልገጠመኝም።

እንግዲህ ይሄ ነበር ሻንጣው ውስጥ መግባት የነበረበት። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደውሎ "እዚህ እንደ ልብ ነው፣ ተወው፣ በሱ ፋንታ በርበሬ ያዝ" አለ። እናቴም "አሜሪካ ጌም የለም እንዴ?" አለች፣ በቀና ልብ። ካርዷን ብቻ ልይዝ አስቤ ነበር፤ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። ሁለት ኪሎ ማለት ደግሞ ሁለት ኪሎ በርበሬ ማለት ነው፣ ሁለት ኪሎ በርበሬ ማለት ደግሞ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተደልዞ፣ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ተይዞበት የመጣ የእናት ድካም ነው። እንዴት አድርጎ ይህን አስቀርቶ ጌም ይጫናል? ከሱቅ በተዋስነው ሚዛን ሻንጣውን ስናነሳና ስናስቀምጥ አመሸን። በመጨረሻ እናቴ ዝም ብላ ተነሳችና ጋቢዬን አመጣች፤ ጋቢው የግድ መሄድ ስላለበት ማሽኑን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለችው፣ ክፍተቱን ሁሉ በዳቦ ቆሎ ፌስታል ሞላችው፣ ጆይስቲኮቹን ካልሲ ውስጥ ከተተች። የቀረው ከራሷ ወገን ድርቆሹ ነበር። "ድርቆሽ እዚያ ይገኛል አሉ" አለች። ማን እንዳላት አላውቅም።

በመጨረሻው ማታ ካርዷን ወደ ሌላ ካርድ ቀዳናት። ሁለተኛዋ ለታናሽ ወንድሜ ቀረች። የአብነት ቡድን ሁለት ሆነ፣ አንዱ ቤት የሚቀር፣ አንዱ በእኔ የደረት ኪስ ውስጥ ሆኖ ቦሌ የሚሳፈር።

ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ያኔ ሮም ወርዶ ነዳጅ ይሞላ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሰው ምክንያቱን አስረዱኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ከእሷ መነሳት ይከብደዋል። ኪሎ ያስጨነቀው እናቴን ብቻ አለመሆኑን ስሰማ ልቤ ቀለል አለኝ።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የደረስኩበት ሕንፃ ግማሹ ሐበሻ ነበር፤ አሳንሰሩ ሲከፈት የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ይቀበላችኋል። ማሽኑን ግን ወዲያው መሰካት አይቻልም። አዲስ አበባ እያለን ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ያለው ቤት ሁሉ "110 ነው፣ እንዳትሰኩት!" የሚል ማስጠንቀቂያ ያውቅ ነበር፣ የስንቱ ሰው ፀጉር ማድረቂያ በ220 ተቃጥሏል። የእኔው ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ከ220 እስከ 240 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ ግድግዳ የሚሰጠው ደግሞ 120። ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ተገዛ፣ ከማሽኑ የሚከብድ፣ ቀኑን ሙሉ ዝዝዝ የሚል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ያ ድምፅ ተሰማ፣ ምስሉ ግን ቀለም አልባ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ይንከባለል ጀመር። እኛ አገር ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው ሥርዓት፣ 625 መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ እያደሰ ነው የሚሠራው፤ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፣ 525 መስመር፣ በሰከንድ 60። ሁለቱ አይነጋገሩም።

መፍትሔው ሦስተኛ ፎቅ ተገኘ። እዚያ አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ተክለሃይማኖት ያደጉ። ከአገር ቤት የሚላክላቸውን የሠርግ ካሴት ለማየት ብለው የሁሉንም አገር የሚያነብ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ዴክ ገዝተዋል። ያኔ እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን የብዙ ሐበሻ ቤት ዕቃ ነበር፤ የእህት ልጅ ስትዳር መገኘት ያልቻለ ሰው ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ የሚያያት በፓል ካሴት ነው። "አምጣው እስቲ" አሉኝ። ትራንስፎርመሩን በአንድ እጅ፣ ማሽኑን በሌላው ይዤ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማታ የጋሼ ቤት ሆነ። ታክሲ የሚነዳው መጣ፣ አረጋውያን የሚያስታምመው መጣ፣ ነዳጅ ማደያ የሚያድረው ከሥራ በፊት ለአንድ ጨዋታ ብሎ መጣ። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ቡና ያፈላሉ። በሩ ላይ ጫማ ተደረደረ።

ደግሞም ያ ሽታ። ማሽኑ ሲሞቅ በጀርባው ያለው ማራገቢያ አየር ያወጣል፣ አየሩም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። መንገድ ላይ አንዱ ፌስታል ትንሽ ተንፍሶ ኖሮ ዱቄቱ በማራገቢያው ቀዳዳ ገብቷል። ለማጽዳት ያሰበ ሰው አልነበረም። የሚሸነፈው እያስነጠሰ፣ የሚያሸንፈው እያስነጠሰ፣ እትዬ ከጓዳ "ይማርህ" እያሉ እንጫወታለን። አሜሪካ መብራት አይጠፋም፣ እኛ ግን በየዕረፍቱ ሴቭ እናደርግ ነበር፣ ሴቭ ሲደረግም ማንም አያወራም።

ጋሼ ጨዋታ አይችሉም። አብነት ሲጫወት ግን ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። ጎል ሲገባ ስም ይወጣል፣ ስሙን ያነቡና "ይሄ የማን ልጅ ነው?" ይሉኛል። የአባቱን ስም እነግራቸዋለሁ። "እንዴ! ቆርቆሮ ሠሪው? እዚያ ጥጉ ጋ? አባቱም እኮ ግራ እግር ነበር!" አንድ ቅዳሜ ማታ እንዲህ እያልን ከበረኛው እስከ አጥቂው የሁሉንም ዘር ቆጠርን፣ ኳሱም ቆሞ ቀረ።

በኋላ ደመወዝ ሲገኝ የአሜሪካ ፕሌይስቴሽን ተገዛ፣ ትራንስፎርመር የማይፈልግ። ያው ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ ዊኒንግ ኢለቨን 9 ተብሎ ይሸጥ ነበር። ካርዷን ስሰካባት ማሽኗ ተቀበለቻት፣ ጨዋታው ግን ያስቀመጥነውን አላወቀውም፤ ለአንዱ ክልል ሲዲ የተመዘገበ በሌላው ክልል ሲዲ አይከፈትም። ካርዷን ብቻ ይዤ መጥቼ ቢሆን ኖሮ አሥራ አንዱም ልጆች እዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ተዘግቶባቸው ይቀሩ ነበር። ሆዴ እምቢ ያለኝ ይህን አውቆ ነው እላለሁ፤ እናቴም ጋቢውን ያመጣችው።

ወንድሜ ዘንድ የቀረው ቡድን መኖሩን ቀጠለ። በስልክ ካርድ ስደውል፣ ደቂቃው እየነጠበ፣ ከጤናና ከቤት ወሬ ቀጥሎ የሚነግረኝ እሱን ነው፤ ማን ቁመት እንደጨመረ፣ ማን ፀጉሩን እንደተላጨ፣ ከታች መደዳ የመጣ አዲስ ልጅ ለቡድኑ ሲገባ ኮሚቴው ፍጥነቱን ስንት እንዳለው። የእኔው ግን በ1999 እንደነበረ ነው። ማንም አልተላጨም።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ቀሏል። አዲሶቹ ማሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላሉ፣ በኤችዲኤምአይ የትም ቴሌቪዥን ላይ ይሰካሉ፣ ጨዋታውም ክልል አይለይም። የሶኒ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሌይስቴሽን 4ን ሲያወጡ የስንት ስደተኛ ሸክም እንዳቀለሉ አያውቁም። ልጄ የወንድሜን ልጅ አዲስ አበባ ድረስ በስልኩ ይገጥመዋል። ደስ ይለኛል፣ ብቻ ጫማ የሚደረደርበት በር የለም።

ባለፈው በጋ ከሚኔሶታ አንድ እንግዳ መጣብኝ፤ ያ በቴስታ የታወቀው፣ "እኛስ?" ያለው። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ "አለ?" አለኝ። አለ። የጋሼን ቴሌቪዥን እሳቸው ወደ አገር ሲገቡ እኔ ነበርኩ የወረስኩት፣ ትራንስፎርመሩም ዝዝዝ ይላል። ቡድኑን ከፈትን፣ ራሱን ፈለገ፣ ሁሉንም ቁጥር አነበበ፣ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። "74? ማነው 74 ያደረገኝ?" ኮሚቴው ነው አልኩት። ታላቁ ሩጫን ስንት ጊዜ እንደሮጠ ተረከ። ቁጥሩ ያለ ኮሚቴ እንደማይነካ ያውቃል፣ ስለዚህ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፣ አብነት ላለው ወንድሜ፣ ለአንዱ ጆሃንስበርግ፣ ለአንዱ ስቶክሆልም፣ ለሌሎቹም። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ወንድሜ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው ያነሳው። ሦስት ዓይነት ሰዓት ላይ ያሉ የጎለመሱ ሰዎች አንድ ልጅ በአንድ ክረምት ጭቃ ሜዳ ላይ ማንን እንዳመለጠና ማን እንዳመለጠው ተከራከሩ። የጆሃንስበርጉ "ታላቁ ሩጫን እየዘፈነ ነው የጨረሰው፣ አይቻለሁ" አለ። የስቶክሆልሙ 80 ይሁንለት አለ፣ ወንድሜ 75 አለ፣ እኔ መሐል ገባሁ። ባለጉዳዩ ድምፅ አይሰጥምና ስድስታችን እጅ አወጣን፤ አራት ለሁለት አለፈ። ፍጥነቱ 76 ተባለ፣ እኔም ሴቭ አደረግሁ፤ እስኪያልቅ ድረስ በአራቱም አገር ማንም አላወራም፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ወንድሜ "እንግዲያው የእኔም ሹት ይታይልኝ" ብሎ ጀመረ።